አሳላፊው የት ሄደ?

ሳህኖቻችንን ያመጣልን ድመት የሚመስል ማሽን ነው። ቁመቱ የስምንት ዓመት ልጄን ያክላል። ከላይ እስከ ታች አራት መደርደሪያ፣ አናቱ ላይ ሁለት የድመት ጆሮ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ትልልቅ ዓይኖች የሚርገበገቡበት ስክሪን አለው። ከወጥ ቤቱ በር ወጥቶ ዘፈን እያሰማ በወንበሮቹ መካከል ተሹለክልኮ መጣና ጠረጴዛችን ጥግ ቆመ። የሁለተኛው መደርደሪያ ጠርዝ ሲበራ "ውሰዱ" ማለቱ ነው። ልጄ ጆሮውን ዳበሰው፤ ስክሪኑ ላይ ያሉት ዓይኖች በደስታ ተጨፈኑ።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ሳህኖቹን አንስተን ስናበቃ ከወንበራቸው ብድግ አሉና አንገታቸውን ሰበር አድርገው "እግዜር ይስጥልኝ" አሉት። ማሽኑ ዞሮ ሄደ። አዳራሹን ግራ ቀኝ ሲቃኙ ቆይተው ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "አሳላፊው የት ሄደ?" ሲሉ ጠየቁኝ።

ቤቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ፣ በአንድ ዋጋ እስኪጠግቡ የሚበላበት ሱሺ ቤት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ፤ ልደት ሲሆን፣ ምረቃ ሲሆን፣ ልጆች የመምረጥ ተራ ሲደርሳቸው የእኛም ሰው ወደዚያ ይሄዳል። ስለ ሮቦቱ ሲወራ የምሰማው ወይ "ሥራችንን ሊቀሙን ነው" የሚል ስጋት ነው፣ ወይ "ዘመን አመጣሽ ጉድ" የሚል አድናቆት። የአክስቴ ጥያቄ ከሁለቱም የተሻለ መነሻ ሆኖ ስላገኘሁት እሱን ይዤ ልቀጥል።

በእኛ ድግስ አሳላፊ የሚመረጠው ክንዱ ስለበረታ ብቻ አይደለም። ዳሱ ውስጥ ማን እንዳልቀረበለት፣ ማን አፍሮ እጁን እንደሰበሰበ፣ የትኛው አዛውንት ለስለስ ያለው ቁራጭ እንደሚሻላቸው፣ ማን ጾመኛ እንደሆነ ዓይኑ የሚደርስለት ሰው ይፈለጋል። ላፈረው "አፈር ስሆን" ብሎ ይጨምራል፤ የጠገበውን ሳያስጨንቅ ያልፋል። አሳላፊነት እንግዲህ መሸከምም ማየትም ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ስለሚሠራቸው ለያይተን የምናስብበት ምክንያት አልነበረንም። በዚያ ሱሺ ቤት ግን ተለያይተው አየኋቸው። መሸከሙን ማሽን ወስዶታል። ማየቱ ለማን እንደቀረ ነው ማወቅ የፈለግሁት።

መለያየቱ የዛሬ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ዮሺያኪ ሺራይሺ የተባለ ጃፓናዊ ኦሳካ አካባቢ ደንበኛ ቆሞ የሚበላበት ትንሽ ሱሺ ቤት ነበረው። ገበያው ደራለት፤ ሠራተኛ ግን አጠረው። የአሳሂ ቢራ ፋብሪካን ሲጎበኝ ጠርሙሶች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ተሰልፈው ሲያልፉ ተመለከተና ሐሳቡን ይዞ ሄደ። ብዙ ከደከመበት በኋላ በ1958 ሂጋሺ ኦሳካ ውስጥ፣ ሱሺ በቀበቶ ላይ እየዞረ ወደ ተመጋቢው የሚመጣበትን የመጀመሪያውን ቤት ከፈተ። የቀበቶው ፍጥነት ራሱ የተጠና ነበር፤ በሰከንድ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ ቢፈጥን ምግቡ ይጎዳል፣ ቢዘገይ ደንበኛው ይሰለቻል። በ1970ው የኦሳካ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከታየ በኋላ አሠራሩ በመላ ጃፓን ተዛመተ። ሺራይሺ ዘግየት ብሎ ሮቦት የሚያስተናግድበት ሱሺ ቤትም ሞክሯል፤ ያኔ አልሠራለትም።

በዚያው በ1958 ቶኪዮ ውስጥ ኢምፔሪያል ሆቴል ከስካንዲኔቪያ የቀሰመውን አንድ አበላል አስተዋወቀ፤ እንግዳው አንድ ዋጋ ከፍሎ፣ ራሱ ተነስቶ፣ የፈለገውን እየመረጠ እስኪጠግብ ይበላል። ስሙን "ቫይኪንግ" አሉት፤ ጃፓኖች እስከ ዛሬ ቡፌን "ባይኪንግ" ይሉታል። አንድ ዓመት፣ አንድ አገር፣ ሁለት ፈጠራ። በአንዱ ምግቡ ወደ ሰው ይሄዳል፣ በሌላው ሰው ወደ ምግቡ። ከሁለቱም መሐል የወጣው የአስተናጋጁ እግር ነው። ልጄ ጆሮውን የዳበሰው ድመት የእነዚህ የሁለቱ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

የሱሺ ቤት የመጀመሪያው ሮቦት ደግሞ ጨርሶ ዓይን ውስጥ አልገባም፤ ያለው ወጥ ቤት ነው። ሱዙሞ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቀድሞ የጣፋጭ ምግብ ማሽን ይሠራ ነበር። በ1970ዎቹ የጃፓን መንግሥት ሩዝ ስለተትረፈረፈ ገበሬው እርሻውን እንዲቀንስ ሲያደርግ የኩባንያው ባለቤት ከነከናቸው። ሱሺ ቢረክስ ሰው ብዙ ሩዝ ይበላል ብለው በ1981 ሩዙን ጠቅልሎ የሚያወጣ ማሽን ሠሩ። ዛሬ የዚህ ዓይነቱ ማሽን በሰዓት ከ4,000 በላይ ጉርሻ ሩዝ ያዘጋጃል። አንድ የሱሺ ባለሙያ ሩዝ በእጁ መጠቅለልን ለመካን ዓመታት ይፈጅበት እንደነበር ስናስብ፣ ትልቁ ለውጥ የመጣው ማንም ሳያጨበጭብ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነው። ፎቶ የሚነሳው ግን ድመቱ ነው።

"እስኪጠግቡ" የሚለው ቃል የሚያዋጣውም ሁሉም ነገር በረከሰ ነገር ስለተተካ ነው። አክስቴ አረንጓዴውን ዋሳቢ በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው አፍንጫቸውን ያዙና፣ "ይሄማ ስናፍጭ ነው!" አሉ። አልተሳሳቱም። ብዙ ምግብ ቤቶች ዋሳቢ ብለው የሚያቀርቡት ሆርስራዲሽ ከሚባል ሥርና ከስናፍጭ ተደባልቆ አረንጓዴ ቀለም የተጨመረበት ነው፤ እውነተኛው ተክል በጠራ ወራጅ ውሃ የሚበቅል፣ ዋጋውም የማይቀመስ ነው። የሸርጣን ሥጋ የሚባለው ፖሎክ ከተባለ ነጭ ዓሣ ተፈጭቶ የተቀረጸ ነው። ሳልመኑም ቢሆን የሱሺ ነባር ወግ አልነበረም። ጃፓኖች የራሳቸውን ሳልመን ጥገኛ ትል ስለሚፈሩ ጥሬውን አይበሉም ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኖርዌይ በእርባታ ያደገ ሳልመኗን ለመሸጥ ዘመቻ ከፍታ ዓመታት ለፍታ አስለመደቻቸው። ባሕር ውስጥ በመረብ ታጥሮ የሚያድገው ይህ ዓሣ ባይኖር የዚያ ምሽት ሒሳባችን የት በደረሰ! እንግዲህ ሮቦቱ በዚህ የመተካካት ሰልፍ ውስጥ የመጨረሻው ተሰላፊ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ታብሌት ተቀምጧል። በአንድ ዙር ማዘዝ የሚቻለው የተወሰነ ብቻ ነው፤ ቀጣዩን ዙር ለማዘዝ ጥቂት መጠበቅ ግድ ይላል። የመቀመጫ ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። ተርፎ ለተገኘ እያንዳንዱ ቁራጭ ተጨማሪ ይከፈላል፤ ዓሣውን ልጦ ሩዙን መተው ከነስሙ ተጽፎ ተከልክሏል። ሩዙ ቶሎ ያጠግባል፣ የቤቱ ትርፍም እዚያ ላይ ነው። ተራ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ወደ አንድ ጠረጴዛ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ትጨርሳለች። እዚህ ግን የእኛ ጠረጴዛ ብቻ ለአምስት ሰው ሰባት ዙር አዟል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሰባት ስምንት ትንንሽ ሳህን፣ ባዶው ደግሞ ተመላሽ። ሥራው የእግር ሥራ ነው፣ ያውም ማለቂያ የሌለው። ቤላቦት የሚባለው ባለ ድመት ፊቱ ሮቦት በቻይናዋ ሼንዘን ከተማ በፑዱ ሮቦቲክስ የሚመረት ሲሆን በአንድ ጉዞ እስከ 40 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ስካይላርክ የተባለው የጃፓን ግዙፍ የምግብ ቤቶች ድርጅት በ2022 መጨረሻ 3,000 ያህሉን 2,100 ገደማ በሚሆኑ ቤቶቹ አሰማርቶ ነበር። ጃፓን ውስጥ ምክንያቱ አያከራክርም፤ ሕዝቡ እያረጀ ነው፣ ሳህን የሚያነሳ ወጣት እየጠፋ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን ሒሳቡ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማስላት ይጠቅማል።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ የሚከፍለው ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ከጉርሻ ጋር ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ካልሞላ ጉድለቱን መሙላት አለበት፤ ከሞላ ግን ቀሪውን የሚከፍለው ደንበኛው ነው። ቨርጂኒያ በዚሁ በ2 ከ13 ትሄዳለች። በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠራ አስተናጋጅ በወር ለባለቤቱ የምታስወጣው፣ ግብርና ሌላው ሳይቆጠር፣ 369 ዶላር ያህል ነው። የአስተናጋጅ ሮቦት ኪራይ ደግሞ በወር ወደ 1,000 ዶላር ሲጠየቅበት ቆይቷል። አንድ ሰው በቀን 11 ሰዓት፣ ወሩን ሙሉ ያለ ዕረፍት ቆሞ ቢሠራ እንኳ በ2 ከ13 ሒሳብ 703 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ሮቦት ይልቅ አንድ ሰው ይረክሳል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ካሰላሁት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን ዋሽንግተን ከተማ ስንገባ ነገሩ ይገለበጣል። የከተማዋ መራጮች በ2022 ይህን ሁለተኛ ደረጃ ደመወዝ ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አጽድቀው ክፍያው በ2024 ክረምት 10 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ2025 የከተማው ምክር ቤት ዕድገቱን አዘገየው። በ10 ዶላር ሒሳብ እነዚያው 11 ሰዓታት በወር 3,300 ዶላር ይሆናሉ። ሮቦት በርካሽነቱ የሚመረጥ ቢሆን ኖሮ ወንዙን ተሻግረን ነበር የምናገኘው። ደመወዝ ሲጨምር ሮቦት ይመጣል የሚለውን ማስፈራሪያ ያለ ምርመራ የማልቀበለው ለዚህ ነው። አሠሪው ለአስተናጋጅ የሚከፍለው ከሠላሳ ዓመት በላይ ባልተነካበት ምድርም መጥቷል።

ታዲያ ቨርጂኒያ ውስጥ ለምን መጣ? አንደኛው ምክንያት ልጄ ነው፤ ልጆች ስለሚወዱት ቤተሰብ ይከተላል። ዋናውን ምክንያት የነገረችን ግን ሻይ ልትቀዳልን የመጣችው ልጅ ናት። አማርኛ ስናወራ ሰምታ፣ "እማማ፣ እንደምን አመሹ?" አለች አክስቴን። አበሻ ናት፤ ቀን ኮሌጅ ትማራለች። ሮቦቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። "እግሬን አድኖኛል፤ ድሮ ቤት ስገባ ጫማዬን ማውለቅ ያቅተኝ ነበር። ግን ድሮ ስድስት ጠረጴዛ ነበር የምይዘው፣ አሁን አሥራ ሁለት ነው" አለችኝ። አራት የነበሩት አስተናጋጆች ሁለት ሆነዋል። አንደኛዋ ስትለቅ በምትኳ ሰው አልተቀጠረም፤ ሌላዋም እንደዚያው። የተባረረ የለም፤ የተቀጠረም የለም። ሮቦት ሥራ የሚወስደው ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ይመስለኛል። ወጥቶ የሚያለቅስ ሰው ስለሌለ አይታይም። የሚጎዳው ገና በሩን ያላንኳኳው፣ ምናልባትም በሚቀጥለው ወር ቦሌ ላይ የሚሳፈረው ሰው ነው።

እኛ ይህን እናውቀዋለን። የዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ቤቶች ለስንቱ ወገናችን የመጀመሪያ ደመወዝ እንደከፈሉ ማንም አይስተውም። በዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሌሊት እየሠራ ዲግሪ የያዘ፣ ቤተሰብ ያመጣ፣ ቤት የገዛ ብዙ ነው። ዛሬ በብዙዎቹ ክፍሎች ቦታ ካርድ የሚቀበል ሣጥን ቆሟል። እንግሊዝኛው ገና ያልተፈታለት ሰው አገሩን የሚለምድበት ሥራ ሳህን ማንሳት፣ ቲኬት መቁረጥ፣ መኪና ማቆም ነበር። ከመሰላሉ የታችኛው እርከን ሲነሳ ላይኛው ላይ ያለው አይሰማውም።

ወደ ምሽቱ ልመለስ። በሦስተኛው ዙር ልጆቹ ያዘዙት ጥቅል በስህተት አክስቴ ፊት ተቀመጠ። ሽሪምፕ አለበት። አክስቴ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ አይበሉም፤ እንዳደጉበት ሥርዓት ነው። ሳህኑን በትንሹ ገፋ አድርገው ዝም አሉ፤ እኔ ከልጆቹ ጋር እየተከራከርኩ አላየሁም። ታብሌቱ "ቀጣዩን ዙር ይዘዙ" እያለ ነበር። ድመቱ መጥቶ ባዶ ሳህን ሲጠብቅ ቆይቶ ሄደ። ያየችው ያቺ ልጅ ናት። ከሁለት ጠረጴዛ ማዶ ሌላ ሰው እያስተናገደች ሳለ አየችና መጣች፤ ጎንበስ ብላ፣ "እማማ፣ ሽሪምፕ ስላለበት ነው አይደል?" አለች። ሳህኑን አነሳችው። እስከ ቁራጩ የሚቆጠረው ትርፍ ሒሳባችን ላይ እንዳይገባ አደረገች፤ ቀጥሎም የኪያርና የአቮካዶ ጥቅል፣ ከላዩ ስስ ሳልመን የተደረገበት፣ በራሷ እጅ አመጣች። አክስቴ ያን ምሽት በደንብ የበሉት እሱን ነው።

አሳላፊዋ እንግዲህ አልጠፋችም፤ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ይዛ ነበር። አክስቴን ያየቻቸው የምታውቃቸው ዓይነት እናት ስለሆኑ ነው። በዚያው ሰዓት ስንቱ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ዝም እንዳለ አላውቅም።

እኔ ሮቦቱን አልጠላሁትም። አርባ ኪሎ ሸክም ከሰው ጀርባ ላይ መውረዱ ክፉ አይደለም፤ ወገባቸው የተጎዳ፣ እግራቸው ላይ የደም ሥር የተጠላለፈ አስተናጋጆች አውቃለሁ። ሰርቪ የተባለውን ሮቦት የሠራው የቤር ሮቦቲክስ መሥራች ጆን ሃ ጉግል ውስጥ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ሲሆን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የኮሪያ ምግብ ቤት ይዞ ራሱ ሲያስተናግድ ያየው ድካም ነው ወደዚህ ሥራ የመራው። መነሻው የሰው እግር ነበር። ማሽኑ ሁሉም ቦታ እንደማይዋጣለትም ታይቷል፤ ቺሊስ የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት ሮቦቱን ብዙ ቅርንጫፎቹ ውስጥ ማዳረስ ጀምሮ በ2022 አቁሞታል፤ ከሰው ይልቅ ይዘገያል በሚል።

የምከራከረው ሮቦቱ ስላተረፈው ጊዜ ነው። ከመመላለስ የተረፈው የልጅቷ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊውል ይችላል። በስድስት ጠረጴዛ ላይ ቢውል ማንም ዓይኗ ሳያርፍበት አይወጣም ነበር፤ ዳሱን እንደሚቃኝ ደህና አሳላፊ ትሆን ነበር። ባለቤቱ በአሥራ ሁለት ጠረጴዛ ላይ አዋለው። ይህን የወሰነው ማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ ግድግዳና ወንበር ከመለየት ያለፈ አያውቅም። የሰው ውሳኔ ነው፤ የሰው ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ሌላ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ቤት ቶኪዮ ውስጥ አለ። በ2021 ኒሆንባሺ ሰፈር ውስጥ በቋሚነት የተከፈተው ዶውን የተባለው ካፌ ውስጥ ሮቦት ያስተናግዳል፤ ከሮቦቱ በስተጀርባ ግን ሰው አለ። ከአልጋ መነሳት የማይችሉ፣ ጡንቻቸው የከዳቸው፣ ከቤት መውጣት ያልቻሉ ሰዎች ከያሉበት ሆነው ሮቦቱን ያንቀሳቅሳሉ፤ በሮቦቱ ዓይን ደንበኛውን ያያሉ፣ በድምፃቸው ያወራሉ፣ ደመወዝም ያገኛሉ። መሐንዲሱ ኬንታሮ ዮሺፉጂ የሠራው ኦሪሂሜ የተባለው ይህ ሮቦት መሸከሙን ለማሽን፣ ማየቱን ለሰው ሰጥቶታል። ያቺን ልጅ እያየሁ ያሰብኩት ያንን ካፌ ነው። መሸከምና ማየት ከተለያዩ አይቀር፣ ማየቱ የአንድ ሰው ሙሉ ሥራና ሙሉ እንጀራ እንዲሆን የሚከለክል ቴክኒክ የለም።

ለአስተናጋጅ የሚሰጠውን ገንዘብ አማርኛ ጉርሻ ይለዋል፤ ለምንወደው ሰው በእጃችን ጠቅልለን የምናጎርሰውም ጉርሻ ነው። ሒሳብ ስንከፍል ታብሌቱ 18፣ 20፣ 22 በመቶ ብሎ ጠየቀ። ከጎናችን ያሉት ባልና ሚስት "ያመጣው ሮቦት ነው" እየተባባሉ ዜሮ ሲነኩ አየሁ። የቨርጂኒያን ሒሳብ ላሰላ ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው። ሮቦቱ ኪራዩ ተከፍሎለታል። ያልተከፈላት እሷ ናት፤ ከባለቤቱ በሰዓት የምታገኘው አንድ የሻይ ዋጋ አይሞላም። ጉርሻው ለማን እንደሚደርስ ጠየቅኋት። ከ2018 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ አሠሪና አለቃ ከሠራተኛ ጉርሻ ድርሻ መውሰድ አይችሉም፤ እሷም ከሌላዋ አስተናጋጅና ሳህን ከሚያነሳው ልጅ ጋር እንደሚካፈሉት ነገረችኝ። ሰው የሚበዛበት ቀን ድሮ ከምታገኘው ይሻላል፤ ሰው ሲቀዘቅዝ ያንሳል። "የሮቦቱንም ድርሻ እናንተው ትወስዳላችሁ ማለት ነው" አልኳት። "የሮቦቱን ሥራም" ብላ መለሰችልኝ። ድመቱ መንገድ ሲዘጋበት፣ ሾርባ ሲያፈስ፣ ሕፃን ሲያቅፈው የምትሮጠው እሷ ናት።

አክስቴ ንግግራችንን ሲያዳምጡ ቆይተው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ከመምጣታቸው በፊት የዘረዘሩትን አንድ አሥር ዶላር አውጥተው በመዳፏ አስጨበጧት። ልጅቷ እንቢ ልትል ስትል፣ "በሞቴ፣ ላየሽኝ ነው" አሏት። በሁለት እጇ ተቀበለች። ከኋላዋ ድመቱ መንገድ እንድትለቅለት ዘፈኑን ጀምሮ ነበር፤ ዘጠነኛው ጠረጴዛ እጁን አንስቶ እየጠራት ነው፣ እየሮጠች ሄደች።